በርሜል ላይ የተኛ በር

ታኅሣሥ ፲፬፣ ሐሙስ። ጧት ፪ ሰዓት ተኩል፣ ጽ/ቤት።

ዛሬም ፊቴን ሳልታጠብ መጣሁ። የሞቀው ውሃ አልቋል። ፕላን አውጪው አቶ ኪዳኔ ቀድሞኝ ተነስቶ ተላጭቶበታል። የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ የጋሪ ፈረሶች እንኳ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። እሱ በእኔ ሳሙና፣ በእኔ መስታወት ፊት ቆሞ ያፏጫል።

ደብተሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤት አታድርም። እዚሁ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፈህ ትቀመጣለህ። ቤቴ ውስጥ የግል የሚባል ነገር የለም። የመኝታ ቤቴ በር እንኳ የለም። ተነቅሎ፣ ሁለት በርሜል ላይ ተጋድሞ፣ ሳሎን መሐል የአቶ ኪ. መሳያ ጠረጴዛ ሆኗል። (ስሙን ሙሉ እየጻፍኩ ቀለም አላባክንም። አቶ ኪ. ይበቃዋል።) በከተማው ዞሬ እንደዚህ በር የተስተካከለ ሳንቃ አጣሁ አለ። እውነቱን ነው። አባቴ ያሠራው የጥድ በር ነው። በፋንታው ሚስቴ አስካለ ያረጀ ጋቢ ሰቅላለች።

የመጣው ጥቅምት ፭ ነው። ሁለት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆነው። በሦስት ሳምንት እጨርሳለሁ ብሎ ነበር።

ያው ዕለት፣ ከምሳ በፊት።

ባለጉዳይ የለም። ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው።

ቦታውን ማዘጋጃ ቤቱ (ማ/ቤቱ) የሰጠኝ መስከረም ላይ ነው። ዋናው መንገድ ዳር፣ ከገበያው በላይ። ለአንድ የፍ/ቤት ጸሐፊ እንዲህ ያለ ቦታ በዕድሜው አንዴ ቢደርሰው ነው። ግዴታ አለበት፦ የድንጋይ ቤት ይሠራበታል፣ የቤቱም ፕላን በሚያውቅ ሰው ተስሎ እስከ መጋቢት ፴ ገቢ ይሆናል። አለዚያ ቦታው ተነጥቆ ለተከታዩ ይሰጣል። ተከታዩ አንድ የእህል ነጋዴ ነው። በየሳምንቱ ቦታዬን በእርምጃው ሲለካ አየዋለሁ።

ፕላን የሚያወጣ ሰው ፍለጋ አ/አ ድረስ ሄድኩ። ያነጋገርኩት ሰው ከቤቱ ግምት ከመቶ ይህን ያህል ይገባኛል አለ። ቤቱ ገና የለም፣ እሱ ከመቶ ይቆርጣል። የወረቀቱ፣ የመመላለሻው፣ ቦታውን መጥቶ የሚያይበት አበል ለብቻ። ተነስቼ ወጣሁ። እስከ ናዝሬት ድረስ ስናደድ፣ ከናዝሬት አሰላ ሳስብ መጣሁ።

አቶ ኪ. እዚሁ ነበር። አስመራ ከጣሊያን መሐንዲሶች ሥር ፕላን ሲስል የኖረ፣ ከመንገድ ሥራ ሰዎች ጋር አርሲ መጥቶ እነሱ ሲሄዱ የቀረ ሰው። ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ከሱ በቀር እዚህ አገር ፕላን የሚያወጣ የለም። ገንዘብ ጠየቀኝ። እኔ ግን ብልጥ ነኝ፤ የሰው ውል መጻፍ ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ግማሹን በገንዘብ፣ ያውም ፕላኑ ሲያልቅ፤ ግማሹን በቀለብና በመኝታ አልኩት። ውሉን በገዛ እጄ ጻፍኩ። ቃሉ ይኸው፦ «ፕላን አውጪው፣ አሠሪው ፕላኑን አይቶ ተስማምቶኛል ብሎ እስኪፈርም ድረስ፣ በአሠሪው ቤት ምግብ፣ መኝታና መብራት ያገኛል።»

እስኪፈርም ድረስ። ካልፈረምኩ ገንዘብ አያገኝም፣ ስለዚህ ይጣደፋል ብዬ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ታኅሣሥ ፲፰፣ ሰኞ። ፫ ሰዓት።

የዚህን ሰው አሠራር ላስረዳህ። ቤት አይለካም፤ ሰው ነው የሚለካው። ቅዳሜ ዕለት ገመድ ይዞ አስካለን ከኋላ ከኋላ እየተከተለ፣ ከማድ ቤት እስከ ሳሎን፣ ከሳሎን እስከ ጓዳ ስንት እርምጃ እንደምትሄድ ሲቆጥር ዋለ። እርጉዝ ሴት፣ ወሯ የገባ! ቤት ማለት የሰው ልማድ ነው ይላል። ሰው የት ይቀመጣል፣ በየት ይገባል፣ በየት ይወጣል፤ ይህ ሳይታወቅ መስመር አይሰመርም። ሳጣድፈው ፒያኖ፣ ፒያኖ ይለኛል። በጣሊያንኛ ቀስ በቀስ ማለት ነው አሉ።

አስካለን ይጠይቃታል። እኔ ከሥራ ስገባ እሷ የት እንደምትሆን ጠየቃት። ማድ ቤት፣ በጓሮ በኩል ካለው በር አጠገብ አለችው። ጻፈው። ይኼ ምኑ ይጻፋል?

ቅንድቧ ላይ ያለውንም ጠባሳ ጠየቃት። ምንጭ ስወርድ አዳልጦኝ ነው አለች። እኔ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። ቀና አላልኩም። የነሐሴውን የበርጩማ ነገር እዚህ አልጽፍም። ያለፈ ነገር ነው።

ታኅሣሥ ፳፭፣ ሰኞ።

ሳሎኑ የእሱ። ወንበሬ የእሱ። ፋኖሱ የእሱ። ጎረቤቱ ሁሉ እሱን ሊጠይቅ ይመጣል፤ አንዱ ስለ ጣሪያው፣ አንዱ ስለ ጭስ መውጫው። ለእኔ ጤና ይስጥልኝ ብለውኝ ወደ እሱ ያልፋሉ።

ትናንት ምሳ ላይ ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር። ድሮ ቢሆን ሳህኑ የት እንደሚያርፍ አስካለም ታውቃለች። አቶ ኪ. እፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ እጅሽን ይባርከው እያለ ይበላል። ዋጥኩ። ቁጣዬንም ሽሮውንም ዋጥኩ። ሰው ፊት ሚስቱ ላይ የሚጮህ ጸሐፊ ተብዬ በከተማው እንዲወራብኝ አልፈልግም። ስም አለኝ።

ጋቢው ድምፅ አያግድም። መኝታ ቤት ገብተን እንኳ የምናወራው በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ የሚቆጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ሞክሬው ነበር። መጨረሻው ሳል ሆነ፣ አቶ ኪ. ከማዶ ሆኖ ማር በሎሚ ይሻልዎታል አለኝ።

በገዛ ቤቴ ታሰርኩ። እስረኛ እንኳ ይግባኝ ይላል።

ጥር ፬፣ ረቡዕ። ፰ ሰዓት።

ወንድ! አስካለ ደህና ናት። አዋላጇን በጋሪ ሄዶ ያመጣት አቶ ኪ. ነው። እኔ ችሎት ነበርኩ። ልሂድ፣ ልየው።

ጥር ፲፮፣ ሰኞ።

ኦቦ ቱፋ ጽ/ቤት ድረስ መጣ። ድንጋይ ጠራቢው ነው። ከኅዳር ጀምሮ የጠረበው ድንጋይ ቦታው ላይ ተቆልሎ ሣር በቅሎበታል። ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ፣ ግባ ብለው አልገባም አለ።

«ጌቶች፣ ድንጋይ ይጠብቃል፤ ድንጋይ አይርበውም። እኔ ግን ይርበኛል» አለኝ።

ሲወጣ በኦሮምኛ ለራሱ አንድ ነገር አለ። ሰምቼዋለሁ። ይህ ቤት እስኪሠራ ሁላችንም እናረጃለን ነው ያለው። እንደ ልማዴ ልቆጣው ነበር። ኋላ ግን የሚቆጣ ጉሮሮዬ የጠፋ መሰለኝ። ሦስት ወር ሳይሠራ የቀረ ዕቃ ይዝጋል።

አስካለ ልጁን እያጠባች ታንጎራጉራለች። ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። አምስት ዓመት ተጋብተን።

ጥር ፴፣ ሰኞ። ፫ ሰዓት።

እሳት ልሁን ውሃ ልሁን አላውቅም። ዓርብ ዕለት አቶ ኪ. አለቀ በሉ፣ ነገ ቀለም አድርጌበት እሰጥዎታለሁ አለኝ። ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ፊቱ ተለውጧል። አንድ መስኮት ቀረኝ አለ። መስኮት! አስካለ አጠገቡ ቆማ ልጁን ታወዛውዛለች፣ እሷም መስኮቱ እንደቀረ መሰከረች። ምኑን ታውቃለች?

እሑድ ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። መላ መጣልኝ። ልጁ የካቲት ፲፫ አርባ ቀኑ ነው፣ ይጠመቃል። የክርስትና አባት ይፈልጋል። አቶ ኪ. ይሁን! አስበው እንግዲህ፦ አበልጅ ከአበልጁ ገንዘብ ይቀበላል? ያፍራል። ቤቱ ደግሞ የክርስትና ልጁ ቤት ሆነ ማለት ነው፤ እያለከለከ ይጨርሰዋል። ለአስካለ ነገርኳት። ፊቷ በራ። አንድ ነገር ተናግሬ እንዲህ ቶሎ እሺ ያለችበትን ጊዜ አላስታውስም። ይኼ ብቻ ትንሽ ከነከነኝ።

የካቲት ፲፬፣ ሰኞ። ሁዳዴ ገባ።

ትናንት ጥምቀቱም ቅበላውም ባንድ ቀን ሆነ። በግ አረድኩ። አቶ ኪ. ልጁን አቅፎ ሲወጣ አለቀሰ፣ የአንገቱን የብር መስቀል አውልቆ ለልጁ አሰረለት። ካባቱ የወረሰው ነው። ድግሱ ላይ ተነስቶ ከእንግዲህ ገንዘብ የሚባል ነገር በኔና በአበልጄ መካከል አይነሳም አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ፣ አበልጅ ከወንድም ይበልጣል አሉኝ። ደስ አለኝ። የልቤ ደረሰ።

ዛሬ ጧት ስነሳ አቶ ኪ. ልብሱን ሁሉ ከሻንጣው አውጥቶ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ በየምስማሩ ሰቅሏል። ባዶውን ሻንጣ አልጋው ሥር ገፍቶታል።

የካቲት ፳፰፣ ሰኞ።

ይስላል፤ ያጠፋል። ይስላል፤ ያጠፋል። የላጲሱን ብናኝ አስካለ ጧት ማታ ትጠርጋለች።

ዛሬ ዳኛውን ለብቻቸው አግኝቼ፣ የሰው ጉዳይ አስመስዬ አማከርኳቸው። ውሉን አነበቡ። ሁለት ጊዜ አነበቡ። ማን ጻፈው አሉኝ። እኔ ነኝ አልኩ። በደንብ የተጻፈ ነው፣ መውጫ ቀዳዳ አልተወም አሉ። ከዚያ ስሙን አዩና መነጽራቸውን አወለቁ። አበልጅህን ልትከስ ነው እንዴ አሉኝ። ሳቃቸው ኮሪደር ድረስ ይሰማ ነበር።

ማባረር አልችልም፤ አበልጄ ነው። መክሰስ አልችልም፤ ውሉ የእኔ ነው። መፈረም አልችልም፤ ፕላን የለም። ሌላ ሰው መቅጠር አልችልም፤ ሌላ ሰው የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር እናቴ። ወረሰኝ።

መጋቢት ፲፪፣ ሰኞ። ፬ ሰዓት።

ዓርብ ዕለት የማ/ቤቱ ደብዳቤ ደረሰኝ። አሥራ ስምንት ቀን ቀረ። ለአቶ ኪ. አነበብኩለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጠ። እባክዎ አበልጄ፣ ልጅዎ ሜዳ ላይ ይቅር ወይ አልኩት፤ ለምኜ አላውቅም፣ ለመንኩት። እሱ እኔን ትቶ ወደ ማድ ቤት ተመለከተ። የእመቤቲቱ ሐሳብ ገና አልቆረጠም አለኝ። የማን ሐሳብ? ሴት ልጅ ስለ መስኮት ምን ሐሳብ አላት? ይህን ሁሉ በልቤ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ ከሥራ በኋላ በቀጥታ ወደ ቦታዬ ሄድኩ። ዝናብ አባርቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ማንም የለም። ድንጋዩ ክምር ላይ ወጣሁና ጮህኩ። ቃል አልነበረውም፣ ጩኸት ብቻ። ከጥቅምት ጀምሮ የተጠራቀመ። ሳበቃ ኦቦ ቱፋ ከክምሩ ጀርባ ብቅ አለ። ዝናቡን ተጠልሎ ኖሯል።

ከብት ጠፍቶብዎት ነው ወይ አለኝ።

አዎ አልኩ። ምን ልበል?

እንፈልግ ብሎ ተነሳ። ያልጠፋ ከብት ስንፈልግ መሸ።

መጋቢት ፳፮፣ ሰኞ። ከጧቱ ፪ ሰዓት። ማንም ሳይመጣ።

ትናንት ነው። እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የቦታውን ወረቀት ፈለግሁ። ለማ/ቤቱ ሹም አሳይቼ ጥቂት ቀን እንዲጨምሩልኝ ልለምን። ወረቀቱ አስካለ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ ሁልጊዜ መስኮቱ ላይ ነው። ከፈትኩ። ከሠርግ ቀሚሷ ሥር በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታሁት።

ፕላኑ ነው። ያለቀ። በቀለም የተሰመረ፣ ሁለት ቅጂ፤ የግድግዳው ውፍረት፣ የበሩ ወርድ፣ የጣሪያው ከፍታ ሁሉ በቁጥር። ከታች የአቶ ኪ. ፊርማ። ከፊርማው ሥር ቀኑ፦ ጥር ፳፰።

ሁለት ወር ሊሞላው። ልጁ ሳይጠመቅ አልቆ ነበር።

ደብተሬ፣ ላንተ አልዋሽም፤ ከመቆጣቴ በፊት ቤቱን አየሁት። ያምራል። በረንዳው ወደ ጭላሎ ያያል። ማድ ቤቱ ለሳሎኑ ቅርብ ነው፣ የአስካለ እርምጃ በግማሽ ተቀንሷል። ከዚያ መኝታ ቤቱን አየሁ። ሁለት በር አለው። አንዱ ወደ ሳሎን። አንዱ በቀጥታ ወደ ጓሮ። ሁለት በር ያለው መኝታ ቤት የት አገር ነው የታየው? ሌባ መጥራት ካልሆነ በቀር።

አስካለ ልጁን ታቅፋ ገባች። ወረቀቱን እጄ ላይ አየች። አልሸሸችም። እኔ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከጋቢው ማዶ አቶ ኪ. ዳዊት ይደግማል፤ እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። አፌን ዘጋሁ። ይህ ምንድን ነው አልኳት፣ በሹክሹክታ።

እሷ አልሾከሾከችም። በደህና ድምጿ ተናገረች።

«እኔ ነኝ የደበቅሁት። ፕላኑ ካለቀ እሱ ይሄዳል። እሱ ከሄደ በሩ ይመለሳል። በሩ ሲዘጋ አንተ ሌላ ሰው ነህ።»

የዳዊቱ ድምፅ ቆመ።

እሱን እንዳልቆጣ ነገረችኝ፤ አስቀምጥልኝ ብላ የለመነችው እሷ ናት። ምክንያቱን አልጠየቃትም። ሁለተኛውንም በር ያዘዘችው እሷ ናት። ያንንም ለምን አላላትም፤ ሰመረው። ከጥቅምት ወዲህ ሳትባንን ተኝታ ታድራለች። ምግብ ይጣፍጣታል። የእኔ እርምጃ ደጅ ሲሰማ ድስቱን ጥላ አትነሳም። ይህን ሁሉ ስትናገር አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«በነሐሴ በርጩማውን ስትወረውርብኝ ይኼ ልጅ ሆዴ ውስጥ ነበር» አለችኝ።

አላወቅሁም ነበር አልኳት።

ብታውቅስ አለችኝ።

ወረቀቱን መልሼ በነጠላው ጠቀለልኩት።

በሳሎኑ በኩል ወጣሁ። አቶ ኪ. ቀና አላለም። በሩ ላይ የተዘረጋውን ወረቀት አየሁት። አንድ መስኮት። ሁለት ወር ሙሉ ይኼን አንድ መስኮት ነው ሲስልና ሲያጠፋ የከረመው። ወረቀቱ ከመሳሳቱ የተነሳ የሳንቃው ጅማት ከሥሩ ይታያል።

መጋቢት ፴፣ ዓርብ። ፱ ሰዓት።

አንዱን ቅጂ ገቢ አደረግሁ። የማ/ቤቱ ሹም በጣታቸው እየተከተሉ አዩ። መኝታ ቤቱ ላይ ሲደርሱ ይህ ሁለተኛ በር ስህተት ነው ወይ አሉኝ። ስህተት አይደለም፣ የቤቱ እመቤት ያዘዘችው ነው አልኩ። ማኅተም መቱበት። የእህል ነጋዴው ደጅ ላይ ነበር። እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ቦታው ተረፈ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከአ/አው ሰውዬ ጋር ተስማምቼ ቢሆን፣ የጠየቀኝን ከፍዬ በኅዳር እገላገል ነበር። ያኔ ዋጋው ውድ ነው ብዬ የተናደድኩትን ያህል፣ አሁን ይህን ሳስብ ደነገጥኩ። ፕላኑ በኅዳር ያልቃል። በሩ ከቦታው አይነሳም። አስካለ እርጉዝ ናት። ክረምቱ ካለፈ ወዲህ እንኳ ስንት ጨው የበዛበት ወጥ፣ ስንት የዘገየ ምሳ፣ ስንት የጠፋ ቁልፍ ነበር። ሁሉንም ዋጥኳቸው ብዬ ሳማርርህ ነበር። ልቁጠራቸው ብዬ ጀምሬ ተውኩት።

ያንን በር አውቀዋለሁ። አባቴ ሲያሠራው ስድስት ዓመቴ ነበር። ከውስጥ በኩል አላውቀውም ነበር፤ የማውቀው ከውጭ ነው። ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ፣ ጀርባዬን ለሳንቃው ሰጥቼ። እናቴም ጎረቤት ሲጠይቃት አዳልጦኝ ነው ትል ነበር። ሞተው ቤቱን ስወርስ በሩ ጥሩ ጥድ ነው ብዬ ቀለም ቀባሁት።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ሚያዝያ ፲፩፣ ማክሰኞ። ፭ ሰዓት።

ፋሲካ አለፈ። ባይነግሩትም አቶ ኪ. ፕላኑ ገቢ መሆኑን ያውቃል፤ አሰላ ውስጥ የማይሰማ የለም። በዓሉን በቤታችን አከበረ፣ ልጁን አጫወተ፣ አንድ ቃል አላነሳም።

ዛሬ ጧት ስነሳ ሻንጣው ታስሮ ቆሟል። ምስማሮቹ ባዷቸውን ናቸው። ወረቀቱን ከበሩ ላይ አንስቶ ሳንቃውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎታል። ማጠፊያዎቹን ከነብሎናቸው በትምባሆ ቆርቆሮ አኑሯቸው ኖሯል፤ ያንን ይዞ ቆመ። ውሉን ከኪሱ አወጣ። በሩን ልግጠምልዎትና ይፈርሙልኝ፣ የስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ላይ ልድረስ አለኝ። ገንዘብ እንደማይቀበል ደገመልኝ። ፊቴን አያየኝም። ሰው ቤት ሚስጥር ይዞ እንደከረመ ሰው ያፍራል። ማፈር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

አስካለ ማድ ቤቱ በር ላይ፣ በጓሮ በኩል ቆማለች። ልጁን አቅፋለች። እኔንም አላየችኝ፣ እሱንም አላየችው። የምታየው በሩን ነው።

ብዕሬን አወጣሁ። ውሉን በሩ ላይ ዘረጋሁት። ጥሩ ውል ነው፣ ዳኛው እውነታቸውን ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ድምፄን አላነሳሁም፤ ግን እሱ እዚያው ስለነበረ ይሁን፣ እኔ ተለውጬ ይሁን፣ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ይህን ማወቅ የሚቻለው በሩ ተገጥሞ ሲዘጋ ነው። ደብተሬ፣ ያን በር ፈራሁት። አስካለ የምትፈራውን ያህል ፈራሁት። ብዕሩን ክዳኑን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

«ያ መስኮት አልጣመኝም» አልኩት።

ገቢ ሆኗል እኮ አለኝ።

ለማ/ቤቱ ገቢ ሆኗል፣ እኔ ግን አልፈረምኩም አልኩት። ውሉ ምን ይላል? ተስማምቶኛል ብሎ እስኪፈርም ድረስ ነው የሚለው። አልተስማማኝም። እንደገና ይሳሉት።

የትምባሆውን ቆርቆሮ በሩ ላይ አስቀመጠ። ምን ያህል ጊዜ ይሰጡኛል አለ፣ ቀስ ብሎ።

ሰው ካልተጣደፈ ነው ጥሩ የሚሠራ፣ እርስዎ ራስዎ ፒያኖ ይሉ የለም ወይ አልኩት።

ሻንጣውን መልሶ አልጋው ሥር ገፋው። ወረቀት ዘረጋ። እርሳሱን በምላጭ መቅረጽ ጀመረ።

አስካለ መጣች። የትምባሆውን ቆርቆሮ ከነማጠፊያው ከበሩ ላይ አንስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ሳጥኗ ሲከፈትና ሲቆለፍ ሰማሁ።

ወደ ሥራ ልወጣ ስል መስኮቱን አየሁት። ቁልፉን እዚያ አልመለሰችውም።